የድንች ልጣጭ ቀለም እንዴት እንደሚወረስ
(ለዘር ድንች አምራቾችና ለግብርና ተማሪዎች በደሴ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ከኩታበርና ከደላንታ ድረስ የመጣችሁ የዘር ድንች አምራቾች፣ የግብርና ባለሙያዎችና ተማሪዎች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ደሴ ገበያ ላይ ድንች ለመግዛት የቆመች እናት ከምንም አስቀድማ የምትጠይቀው «ቀዩ ስንት ነው? ነጩስ?» ብላ ነው። እኛ አምራቾችም ዘር ስንመርጥ ዓይናችን ቀድሞ የሚያርፈው ልጣጩ ላይ ነው። ዛሬ ይህ ቀለም ከወላጅ ወደ ልጅ እንዴት እንደሚተላለፍ ላስረዳችሁ እፈልጋለሁ፤ አወራረሱን ያወቀ ገበሬ ቀለምን እስከ ምን ድረስ ማመን እንዳለበት ያውቃልና።

በእጄ ያለውን ወይን ጠጅ ድንች ለሁለት ከፍየዋለሁ። ከፊት የተቀመጣችሁ እንደምታዩት ውስጡ ነጭ ነው፤ ቀለሙ በዳር በዳሩ እንደ ክር ቀጥኖ ዞሮታል። ልጣጩን በጥፍሬ ስፍቀው ከላይ ያለችው ስስ ቡናማ ሽፋን ብቻዋን ትነሣለች፣ ቀለሙ ግን በአብዛኛው ከሥሯ ባሉት ሕዋሳት ውስጥ ይቀራል። አንቶሲያኒን ይባላል፤ በሕዋሱ ውኃ ውስጥ ሟሙቶ ስለሚኖር ድንቹ ሲቀቀል ውኃውን ያቀልመዋል። የውስጡ ቢጫነት ከዚህ የተለየ ነው፤ ካሮቲኖይድ ከሚባለው የካሮት ቀለም ወገን ሲሆን የሚወረሰውም በሌላ ዘረመል፣ ማለትም ባሕርይን ከወላጅ ወደ ልጅ በሚያስተላልፍ ሌላ መመሪያ ነው። ስለዚህ ልጣጩ ቀይ የሆነ ድንች ውስጡ ነጭም ቢጫም ሊሆን ይችላል።

ሬድክሊፍ ሳላማን የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1910 የድንች ቀለም አወራረስን በማዳቀል የመረመረበትን ሥራ ካሳተመ ወዲህ ነገሩ ብዙ ተጠንቷል። የልጣጩን ቀለም በዋናነት የሚወስኑት ሦስት ዘረመሎች ናቸው። አንደኛው በ10ኛው ክሮሞዞም ላይ ይገኛል (ክሮሞዞም በሕዋሱ ውስጥ ዘረመሎች የተደረደሩበት ክር ነው)፤ እሱ ራሱ ቀለም አይሠራም፣ ነገር ግን በድንቹ ልጣጭ ውስጥ ቀለም እንዲሠራ ትእዛዝ የሚሰጠው አዛዥ እሱ ነው። ሁለቱ ሠራተኞች ናቸው፤ በ2ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለው ቀዩን ቀለም ለመሥራት የሚያስፈልገውን ኢንዛይም፣ ማለትም በሕዋሱ ውስጥ ሥራውን የሚያካሂድ ፕሮቲን ያስገኛል፣ በ11ኛው ላይ ያለው ደግሞ ሥራውን ወደ ወይን ጠጁ ያዞረዋል። ሁለቱም በአንድ ተክል ላይ ከተገናኙ ወይን ጠጁ ያሸንፋል፤ ቀዩ ተሸፍኖ ይቀራል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ነጭነት ነው። አንድ ድንች ነጭ የሚሆነው አዛዡ ስለሌለው ወይም ሠራተኞቹ ስለሌሉት ሊሆን ይችላል፤ ገበያ ላይ ግን ሁለቱም ያው ነጭ ናቸው። አበባቸውን ያየ ሰው ግን ፍንጭ ያገኛል፤ ድንቹ ነጭ ሆኖ አበባው ወይን ጠጅ ከሆነ ሠራተኛው በተክሉ ውስጥ አለ፣ የጎደለው ልጣጩ ላይ የሚያዘው ነው። እንዲህ ያለውን ነጭ ሠራተኛ ከሌለው፣ አዛዥ ግን ካለው ነጭ ጋር ብናዳቅለው ከሁለት ነጭ ወላጆች ባለቀለም ልጅ ይወለዳል።

ሌላም አለ። የሰው ክሮሞዞም ጥንድ ጥንድ ነው፤ የምናመርተው ድንች ግን እያንዳንዱን በአራት ቅጂ ይይዛል፣ በድምሩ 48። አዛዡና ቀይ ሠራተኛው የተሟሉለት ተክል ከአራቱ ቅጂዎች ወይን ጠጅ የሚያደርገው አንድ ብቻ ቢኖረው እንኳ ድንቹ ወይን ጠጅ ነው፤ ሁለት ቢኖሩትም ከውጭ ሲታይ ለውጥ የለውም። ልዩነቱ የሚገለጠው ከራሱ ጋር ተዳቅሎ ከአበባው ፍሬ የተገኘው ዘር ሲዘራ ነው። ባለ አንዱ ከአራት ልጆቹ በአማካይ ሦስቱን ወይን ጠጅ ሲያደርግ፣ ባለ ሁለቱ ግን ከ36 ልጆቹ 35ቱን ወይን ጠጅ ያደርጋል። የድንች አዳቃይ ብዙ ሺህ ችግኝ የሚያፈላበት አንዱ ምክንያት ልጆቹ እንዲህ ስለሚለያዩ ነው።

እኛ ግን የምንተክለው ፍሬውን ሳይሆን ድንቹን ራሱን ነው፤ ከዓይኑ የሚጎነቁለው ቡቃያ ደግሞ ያው የእናቱ አካል ነው። ስለዚህ ከቀይ ዘር መካከል ነጭ ብናገኝ በመጀመሪያ የምንጠረጥረው ዘር መቀላቀሉን ነው። አልፎ አልፎ ግን ቀለሙ በተክሉ ላይ እንዳለ ራሱን ይቀይራል። ልጅ ሳለሁ የበልጉን ድንች ስንቆፍር ግማሽ ጎኑ ቀይ፣ ግማሹ ነጭ የሆነ አንድ ድንች ወጣልን፤ አባቴ አፈሩን በጋቢው ጠርጎ ለረጅም ጊዜ እያገላበጠ ሲመለከተው ትዝ ይለኛል። ያ ድንች ገና ሲያድግ በአንዱ ሕዋስ ውስጥ የቀለሙ ዘረመል ተለውጦ፣ ከዚያ ሕዋስ የተገኙት ሕዋሳት ሁሉ ነጭ ሆነው እንደነበር የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ስሕተት ልምጣ። አንድ ዓመት ቀይ ዘር ድንች ገዛሁ፤ መልኩ አንድ ስለሆነ ዝርያውም አንድ ነው ብዬ አመንኩ። ክረምቱ ሲከብድና ጉሙ ማሳው ላይ ሲያድር ግማሹ ተክል በአንድ ሳምንት ውስጥ ቅጠሉ ጠቁሮ ረገፈ፣ ግማሹ ግን ከአጠገቡ ለምልሞ ቆመ። የተሸጠልኝ የሁለት ቀይ ዝርያዎች ድብልቅ ነበር። በሽታን የሚቋቋሙት ዘረመሎች ሌሎች ናቸው፤ ሦስቱ የቀለም ዘረመሎች ስለ እነሱ የሚነግሩን ነገር የለም።

ስለዚህ የምለምናችሁ ማሳችሁ ሲያብብ በየመደቡ መካከል እንድትመላለሱ ነው። የአበባውን፣ የግንዱንና የቅጠሉን መልክ አስተያዩ፤ ከጎረቤቶቹ የተለየውን ተክል ከነድንቹ ነቅላችሁ ለወጥ አውሉት እንጂ ለዘር አታስቀሩት። ቁፋሮው ሲደርስ ቀለሙ ሁሉንም አንድ አድርጎ ስለሚያሳያችሁ ያን ጊዜ መለየቱ ይከብዳል።

አመሰግናለሁ።