የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ማነው?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ስለ ባለቤት ነው። የዓረፍተ ነገር ባለቤት እንጂ የቤት አይደለም። ግን ቆዩ፣ ቤቱም ይጠቅመናል።

አንድ ግቢ አስቡ። በሩ ላይ ዘበኛ አለ። ዘበኛው ግሱ ነው፤ መጨረሻ ላይ ይቆማል። ይህ ዘበኛ ማን ቀድሞ ገባ ብሎ አይጠይቅም፤ ባለቤቱን ያውቀዋል። «ልጁን ውሻው ነከሰው።» ቀድሞ የገባው ልጁ ነው፤ ባለቤቱ ግን ውሻው። እንዴት አወቅን? ውሻውን አብዙት፦ «ልጁን ውሾቹ ነከሱት»። ነከሰ የነበረው ነከሱ ሆነ። አሁን ልጁን አብዙት፦ «ልጆቹን ውሻው ነከሳቸው»። ነከሰ ያው ነከሰ ነው፤ የተቀየረው ቅጥያው ብቻ። «ልጁን» ላይ ያለችው «ን» ደግሞ የእንግዳ ባጅ ናት። ባለቤት በገዛ ግቢው ባጅ አያንጠለጥልም። ባለቤቱ ባይታይም ዘበኛው አይስተውም፤ «መጣች» ካልን «እሷ» መጨመር የግድ አይደለም።

ታዲያ ባለቤት የሚሆነው ምን ምን ነው? ስምና ተውላጠ ስም፤ ይህን ታውቁታላችሁ። ቁጥር፦ «ሁለቱ ቀሩ»። ቅጽል፦ «ትልቁ ወደቀ»። «ትልቅ ወደቀ» ብትሉ ሰሚው «ትልቅ ምን?» ይላችኋል። ከ«የ» ጋር የመጣ ግስ፦ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች»። ስም የለም እኮ! በ«መ» የሚጀምረው አርእስት፦ «መዋሸት ያስንቃል»። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። «የልጆቹ መምጣት አስደሰቱኝ» ስህተት ነው፤ ያስደሰተው መምጣቱ ስለሆነ «አስደሰተኝ»። «ቶሎ»፣ «ወደ»፣ «ስለ»? እነሱ ባለቤት አይሆኑም።

አሁን ደጋግማችሁ ወደምትጽፉልን ነገር። «እህት አለችኝ» ሲባል ባለቤቱ «እኔ» ነው ትላላችሁ። አይደለም! አብራችሁኝ በሉ፦ ወንድም አለኝ። እህት አለችኝ። ልጆች አሉኝ። እኔ ያው እኔ ነኝ፤ ግሱ ግን ሦስቴ ተለወጠ። ማንን ተከትሎ? ወንድምን፣ እህትን፣ ልጆችን። ባለቤቶቹ እነሱ ናቸው። «ኝ» እኔን ብታመለክትም የባለቤት ምልክት አይደለችም፤ «ውሻው ነከሰኝ» ውስጥ ያለችው «ኝ» ናት። «ራበኝ»ም እንዲሁ ነው። «ራሴን አመመኝ» ላይማ ባጇን ራሷን ታዩዋታላችሁ፦ ራሴ«ን»። «ተራብኩ» ካላችሁ ግን «ኩ» መጣች፤ ያኔ ባለቤቱ በእርግጥ «እኔ» ነው። ልዩነቱ ይሄው ነው፣ እባካችሁ ለልጆቻችሁም አሳዩአቸው።

ቻናሉን ሰብስክራይብ አድርጉና ይህችን መልሱልን፦ «30 ዓመት ሞላኝ»። ባለቤቱ ማነው?