8 ድል፣ 67 ሽንፈት፦ የዋሽንግተን ካፒታልስ የመጀመሪያ ዓመት

ማርታ፦ እሺ ሄኖክ፣ ዛሬ ስለ ኳስ አይደለም ብለኸኛል።

ሄኖክ፦ ኳስም የለበትም። ፓክ ነው የሚሉት፤ ጠፍጣፋ የጎማ ቁራጭ። አይስ ሆኪ።

ማርታ፦ አንተና አይስ ሆኪ ደግሞ የት ተገናኛችሁ?

ሄኖክ፦ ታክሲ ውስጥ። በ2018 የዋሽንግተኑ ሆኪ ቡድን፣ ካፒታልስ፣ ዋንጫ የበሉ ሰሞን እዚህ ዲሲ ቻይናታውን መንገዱ ሁሉ በደጋፊ ቀይ በቀይ ሆኖ ቆሜያለሁ። የጫንኩት ሽማግሌ እንባ እንባ ይለዋል። ምን ሆነህ ነው ስለው ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሬ እየተመላለስኩ ነው የማየው አለኝ። ቤት ገብቼ የመጀመሪያው ዓመት ምን እንደነበር ሳይ፣ ማርታ፣ ሰውዬውን አቅፌው በነበር አልኩ።

ማርታ፦ እስቲ ንገረን።

ሄኖክ፦ ኦክቶበር 9፣ 1974 ኒውዮርክ ላይ ጀመሩ። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 29 ቀን 1967 ነው፤ ጃንሆይ ከወረዱ ገና ወር አልሞላም። ያኔ ዲሲ ውስጥ ሐበሻ ማለት ተማሪና የኤምባሲ ሰው ነው።

ማርታ፦ እና አሸነፉ?

ሄኖክ፦ 6 ለ 3 ተሸነፉ። በዓመቱ 80 ጨዋታ ነበር። ያሸነፉት 8፣ የተሸነፉት 67፣ አቻ የወጡት 5። የገባባቸው ግብ 446!

ማርታ፦ አራት መቶ?

ሄኖክ፦ አርባ ስድስት። በጨዋታ ከአምስት በላይ ማለት ነው። እስከ ዛሬ በሊጉ፣ በኤን ኤች ኤል፣ ታሪክ ከዚያ በላይ የገባበት የለም። በዚያ ላይ መጀመሪያ ላይ ነጭ ሱሪ ነበር የሚለብሱት። ሲርስ ውስጡን ያሳያል።

ማርታ፦ ኧረ በናትህ!

ሄኖክ፦ እውነቴን ነው። ቶሎ ተውት እንጂ።

ማርታ፦ ቆይ፣ ግን እንዲህ ደካማ ከሆኑ እንዴት ዋናው ሊግ ገቡ? እኛ አገር ክለብ ከታች ሊግ አድጎ ነው የሚመጣው።

ሄኖክ፦ እዚህ ማደግ የለም፤ ከፍለሽ ነው የምትገቢው። ባለቤቱ ኤብ ፖሊን ሜሪላንድ ላንዶቨር ላይ ካፒታል ሴንተር የሚባለውን የመጫወቻ አዳራሽ ሠራ፣ 6 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ፣ ቡድን ተሰጠው። ተጫዋቾቹን ግን ከነባሮቹ ቡድኖች ነው የሚለቅመው። ነባሮቹ ደግሞ መጀመሪያ የማይነኩባቸውን ይለያሉ፤ ሁለት ግብ ጠባቂና 15 ተጫዋች። አስቢው፣ ከእያንዳንዱ ቤት አሥራ ስምንተኛውን ሰው ነው የምትወስጂው።

ማርታ፦ ፍርፋሪ።

ሄኖክ፦ ፍርፋሪውም ቢሆን ተጋሪ በዝቶበታል። እስከ 1967፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ስድስት ቡድን ብቻ የነበረው ሊግ ያኔ 18 ደርሷል። ከ1972 ጀምሮ ደግሞ ደብልዩ ኤች ኤ የሚባል ተፎካካሪ ሊግ መጥቶ በገንዘብ ተጫዋች ያስኮበልላል።

ማርታ፦ ሰበብ አታብዛ። አብሯቸው የገባ ሌላ ቡድን አልነበረም?

ሄኖክ፦ ነበረ፣ ካንሳስ ሲቲ ስካውትስ። በዚያው ሕግ 15 ጨዋታ አሸንፏል።

ማርታ፦ አየህ!

ሄኖክ፦ እሺ፣ ምርጫው ላይም ስተዋል። ወደ ሊጉ ከሚገቡት አዳዲስ ወጣቶች መጀመሪያ የመምረጥ ዕድል የነበራቸው እነሱ ናቸው። ግሬግ ጆሊ የሚባል ተከላካይ ወሰዱ፤ የተጠበቀውን ያህል አልሆነም። አሰልጣኝም ሦስት ቀያየሩ። መጨረሻ ላይ ቡድኑን የሰበሰበው ዋና ሥራ አስኪያጅ ሚልት ሽሚት ራሱ ገብቶ አሰለጠነ።

ማርታ፦ የእጁን ነው ያገኘው።

ሄኖክ፦ እኔ የማዝነው ለግብ ጠባቂዎቹ ነው። ስምንቱም ድል የሮን ሎው ነው። ሌላኛው፣ ሚሼል ቤሉመር፣ 35 ጨዋታ ላይ ቆሞ አንድም አላሸነፈም። አንድ ቀን ከቺካጎ ጋር ሁለት ፍጹም ቅጣት ምት አዳነ፤ እዚያ ደግሞ ተጫዋቹ ከመሀል ሜዳ ብቻውን ፓኩን እየነዳ ነው የሚመጣብሽ። ሁለቱንም መለሰ፤ ጨዋታውን ግን አላሸነፉም።

ማርታ፦ እኔ ብሆን ጓንቴን እዚያው ጥዬ ወደ ቤቴ ነበር።

ሄኖክ፦ ከሜዳቸው ውጭ ደግሞ ይብሳል። 37 ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፈዋል። ከዚያ ማርች 28፣ 1975 ኦክላንድ ላይ ካሊፎርኒያ ጎልደን ሲልስን 5 ለ 3 አሸነፉ። ዋንጫ የበሉ ነው የመሰላቸው። መልበሻ ክፍል ያለውን የቆሻሻ መጣያ በርሜል አንስተው፣ ፈርመውበት፣ ልክ እንደ ሊጉ ዋንጫ፣ እንደ ስታንሊ ካፕ፣ ከፍ አድርገው በረዶው ላይ ይዘውት ዞሩ።

ማርታ፦ (ሳቅ) የቆሻሻ በርሜል!

ሄኖክ፦ ምን ይዘው ይዙሩ ታዲያ? ዋንጫ ማን ሰጣቸው?

ማርታ፦ ይሄንስ ወደድኩላቸው። አሁን የሚገቡትም እንዲህ ይሰቃያሉ?

ሄኖክ፦ የለም፣ ሕጉ ላልቷል። በ2017 ቬጋስ ጎልደን ናይትስ 500 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ሲገባ ነባሮቹ ግብ ጠባቂውን ጨምሮ ከ11 በላይ ማስቀረት አልቻሉም፤ ወይም ዘጠኝ፣ እንደ አመራረጣቸው። አሥራ ሁለተኛው ሰው ከአሥራ ስምንተኛው ጋር አንድ አይደለም። እንደ ማርክ አንድሬ ፍለሪ ያለ ዋንጫ የበላ ግብ ጠባቂ አገኙ። 51 ጨዋታ አሸንፈው በመጀመሪያ ዓመታቸው ፍጻሜ ደረሱ።

ማርታ፦ ፍጻሜ! ከማን ጋር?

ሄኖክ፦ ከካፒታልስ ጋር።

ማርታ፦ አትለኝም!

ሄኖክ፦ በ2018 የበሉት ዋንጫ እኮ እሱ ነው። በጨዋታ ብዛት 4 ለ 1 አሸንፈው፣ የመጨረሻውን እዚያው ቬጋስ ላይ።

ማርታ፦ ቬጋሶቹ እስከ ዛሬ አላገኙም?

ሄኖክ፦ በ2023 በሉ። ስድስተኛ ዓመታቸው ነው። ካፒታልስ ግን የበሉት በ44ኛ ዓመታቸው ነው።

ማርታ፦ ሽማግሌህ ያን ሁሉ ጠበቀ ማለት ነው። ሂሳብስ በደንብ ከፈለህ?

ሄኖክ፦ 14 ዶላር ነበር የመጣበት። 40 ሰጥቶኝ መልሱን ተወው አለና በሩን ሳይዘጋው ሄደ።