ሁለት ግራፍ በሁለት ሚዛን

እንደምን አመሻችሁ።

በአንድ ሃፍረቴ ልጀምር። ከዓመታት በፊት አንድ ሲስተም አፋጥነናል ብለን ለአለቆቻችን ልናሳይ ገባን። ሲስተሙ መልስ ለመስጠት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚያሳይ ግራፍ ነው፤ በግራ የድሮው፣ በቀኝ የአዲሱ። አለቃችን አየት አደረጉና «ልጆች፣ ይሄ እንዲያውም ብሶበት የለም እንዴ?» አሉ። ክው አልን። ጉዱ የገባን ከስብሰባው ከወጣን በኋላ ነው። የግራው ግራፍ ቁመት እስከ 2000 ሚሊሰከንድ ይሄዳል፣ የቀኙ እስከ 300። ግራፍ መሣያው ለእያንዳንዱ የራሱን ልክ መርጦ ሁለቱንም እስከ ጣሪያው ሞልቷቸዋል። ሥራው ተሳክቶልናል፤ ሥዕሉ ግን አዋረደን።

ግማሹን ቡና በአንድ ሚዛን፣ ግማሹን በሌላ የሚመዝን ነጋዴ ቢገጥማችሁ ዝም አትሉትም። ግራፍ ሲሆን ግን ዝም እንላለን። ክሊቭላንድና ማክጊል የተባሉ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 1984 እንዳሳዩት፣ ዓይናችን በጣም የሚሳካለት በአንድ የጋራ መለኪያ ላይ ያሉ ነጥቦችን ማወዳደር ነው። ማዕዘን፣ ስፋት ወይም የቀለም ድምቀት ሲሆን እንስታለን። ስለዚህ ሁለት ውጤት ጎን ለጎን ሲከፈት የጋራ መለኪያ ማንም ሳይጠይቅ መምጣት አለበት። መለያየት የፈለገ ራሱ ይለያየው።

ስለ አማካይ ብዙ አልልም። 99 ሰው በ10 ሚሊሰከንድ ተስተናግዶ አንዱ 20 ሰከንድ ቢጠብቅ አማካዩ 210 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። 210 ሚሊሰከንድ የጠበቀ ሰው ግን አንድም የለም! ያ አንዱ ደግሞ መስኮቱ ላይ «ሲስተም የለም» የተባለው ሰውዬ ነው።

ዋናው ችግር ያለው እሱ ጋ ነው። ግራፉ መቼ እንደዘገየ ይነግረናል። ለምን እንደዘገየ የሚነግረን ትሬሱ ነው፤ ፕሮግራሙ የሠራውን ሁሉ ከነሰዓቱ የያዘው መዝገብ። ሁለቱ የሚከፈቱት በተለያየ መሣሪያ ነው። ሰዓቱን ከአንዱ በብጣሽ ወረቀት ጽፈን ሌላው ላይ እንፈልጋለን። የማሽኖቹ ሰዓት ትንሽ ከተዛነፈ ደግሞ አለቀልን።

ሁለት ትሬስ ማወዳደር ይብሳል። አዲሱ ላይ መጀመሪያ አካባቢ አንዲት ትንሽ ሥራ ከተጨመረች ከእሷ በኋላ ያለው ሁሉ ወደ ቀኝ ይገፋል። ምንም ያልተለወጠው ሁሉ የተለወጠ ይመስላል። ስለዚህ መገጣጠም ያለባቸው በሰዓት ሳይሆን በስምና «ማን ጠራው» በሚለው ነው።

ብሬንደን ግሬግ የተባለ የኮምፒውተር ባለሙያ በፈረንጆቹ 2011 ማይኤስኪውኤል በተባለ ዳታቤዝ ላይ የገጠመውን ችግር ሲፈልግ የፈጠረው ፍሌም ግራፍ የሚባል ሥዕል ይህን መንገድ ይዟል። አግድሙ የሰዓት ቅደም ተከተል አይደለም፤ የእያንዳንዱ ሳጥን ስፋት ያ ሥራ ከጠቅላላው ምን ያህሉን እንደወሰደ ነው የሚያሳየው። ፋንክሽኖቹ፣ ማለትም የፕሮግራሙ ትንንሽ ሥራዎች፣ በፊደል ተራ ተደርድረው ተመሳሳዮቹ ይዋሃዳሉ። በፈረንጆቹ 2014 ሁለት ውጤት ማወዳደሪያውን አመጣ፤ የጨመረው ቀይ፣ የቀነሰው ሰማያዊ። እኔ በጣም እወደዋለሁ። ግን ወጥመድ አለው። ስፋቱ የሚሣለው ከአዲሱ መረጃ ነው። ድሮ የነበረ ሥራ ጭራሽ ከጠፋ ሰማያዊ የሚቀባ ቦታ የለውም፤ ድምፁን አጥፍቶ ይሄዳል። መፍትሔው የድሮውንና የአዲሱን ቦታ ገልብጦ እንደገና መሣል ነው፤ ስንቱ ነው ግን የሚገለብጠው? ሌላም አለ። የሲፒዩውን፣ የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ሥራ ብቻ የሚቆጥር ከሆነ ተኝቶ ዳታቤዝ የሚጠብቅ ፕሮግራም ጨርሶ አይታይበትም። 20 ሰከንድ የጠበቀው ሰውዬ እዚያ ሥዕል ላይ የለም።

እኛ የሞከርነው ቀላል ነገር ነው። ግራፉ ላይ ያችን ከፍ ያለች ነጥብ ስትጫኑ የእሷው ትሬስ ይከፈታል። ከሥሩ ከድሮው ውጤት ተመሳሳይ ጥያቄ ይመጣል፣ በአንድ ሚዛን። የጠፋው ሥራ ባዶ ሳጥን ሆኖ ቦታውን ይዞ ይቆያል። ትልልቅ ፋይል ላይ ገና ይንቀራፈፋል፤ አፈጣጠኑን የምናይበት መሣሪያ ራሱ ቀርፋፋ መሆኑ ያስቃል፣ አውቃለሁ።

ፕሮጀክተሩ በርቷል መሰለኝ። የፊቱን መብራት ቀንሱልኝ፤ ያንኑ ያዋረደንን የድሮ ፋይል ነው የምከፍተው።