ወገባችሁን ራጅ የሚያነሳው ማን ነው?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነው የማወራችሁ።

በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትልኩልኝ ጥያቄ አለ። «አገር ቤት ራዲዮሎጂ ተምሬ፣ ሆስፒታል ሠርቼ፣ ዲቪ ደርሶኝ ዳላስ ገባሁ። ሥራዬን መቀጠል እችላለሁ ወይ?» አጭሩ መልስ፦ ወዲያው አይሆንም።

እዚህ አሜሪካ ሁለት ወረቀት አለ። አንዱን የሚሰጠው ኤ.አር.አር.ቲ. የሚባለው ነው። መንግሥት አይደለም። ከ1922 ጀምሮ ያለ፣ ሚኒሶታ ያለ፣ የራጅ ባለሙያዎችን የሚፈትንና የሚመዘግብ ድርጅት ነው። ፈተናው ላይ ለመቀመጥ እሱ እውቅና የሰጠውን ፕሮግራም መጨረስ ያስፈልጋል። ከ2015 ወዲህ ደግሞ ቢያንስ አሶሼት የሚባለውን የሁለት ዓመት ዲግሪ ይፈልጋል። ስለዚህ ስንቱ የአገራችን ልጅ ሲሠራው የኖረውን ሙያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቶ እንደ አዲስ ይማረዋል። አንዳንዱ ፕሮግራም የቀድሞውን ትምህርት ሊቆጥርላችሁ ይችላል፣ ሳትመዘገቡ በፊት ጠይቁ። ያበሽቃል፣ ይገባኛል።

ሁለተኛው የስቴቱ ወረቀት ነው። ነገሩ የሚዘበራረቀው እዚህ ጋ ነው። ቴክሳስ ላይ የሚሰጠው የስቴቱ ሜዲካል ቦርድ ነው። ሙሉ ሰርተፊኬት አለ። ደረት ብቻ ወይም እጅና እግር ብቻ ተብሎ የተወሰነም አለ። ከዚያ በታች ደግሞ ሰርተፊኬት ሳይኖረው የተመዘገበ ቴክኒሺያን አለ፤ እሱ ሲቲ ስካንም ማሞግራምም (የጡት ራጅ) አይነካም። ካሊፎርኒያ ስትገቡ ሙሉ ፈቃድ ይዛችሁም ለፍሎሮስኮፒ፣ እንደ ቪዲዮ ለሚታየው ራጅ፣ ሌላ ፈቃድ ትጠየቃላችሁ። እነ ሚዙሪና አላባማ ደግሞ ለዓመታት ጭራሽ የፈቃድ ሕግ ሳይኖራቸው ኖረዋል። ትልልቅ ሆስፒታሎች እዚያም ቢሆን በራሳቸው ደንብ ኤ.አር.አር.ቲ. ይጠይቃሉ። መንገድ ዳር ያለ ትንሽ ክሊኒክ ግን ስልክ የምታነሳውን ልጅ «ነይ እስቲ ይቺን ተጫኚ» ቢላት፣ የሚያስቆመው የፈቃድ ሕግ የለም።

ፌዴራል መንግሥቱስ? ኮንግረስ በ1981 ሕግ አውጥቷል። ለባለሙያዎች መስፈርት ይጻፍ አለ፣ ተጻፈ። ግን ስቴቶች ከፈለጉ ይቀበሉት፣ ካልፈለጉ ይተዉት ተባለ። ቅጣት የለውም። በ1992 የወጣው የማሞግራም ሕግ ግን ቀልድ አያውቅም። የትም ስቴት ይሁን፣ የጡት ራጅ የሚያነሳ ሰው ፈቃድ ወይም የሙያ ሰርተፊኬት ያስፈልገዋል፣ በዚያ ላይ የ40 ሰዓት ልዩ ሥልጠና።

እኔን የሚከነክነኝ ይሄ ነው። የአንድ ማሞግራም ጨረር በአማካይ 0.4 ሚሊሲቨርት (የጨረር መለኪያ ነው) አካባቢ ነው። የወገብ ራጅ ግን ወደ 1.5 ይጠጋል። ያቺው ሴትዮ፣ ያው ሰውነት። ለጡቷ የአገር ሕግ ቆሞላታል። ለወገቧ ግን እንደምትኖርበት ስቴት ነው።

«ቁልፍ መጫን ምን ሕግ ያስፈልገዋል?» የሚሉኝ አሉ። እስቲ የወገብ ራጅ እንዴት እንደሚነሳ ልንገራችሁ። እማማን በጎናቸው አስተኛቸዋለሁ፣ ጉልበታቸውን አጠፍ ያደርጋሉ። ከማሽኑ የሚወርደው ብርሃን ሰውነታቸው ላይ አራት ማዕዘን ይሠራል። ጨረሩ የሚያርፈው እዚያ ብርሃን ውስጥ ነው። ስለዚህ አከርካሪው ላይ ብቻ እስኪቀር ጠበብ አደርገዋለሁ። ግራና ቀኝ የምትለየዋን ከእርሳስ ብረት የተሠራች ፊደል አስቀምጣለሁ። «እማማ፣ ትንፋሽዎን ያውጡና ይያዙት» እላለሁ። ያኔ ነው ቁልፉ። ወጣት ሴት ከሆነች ከሁሉም በፊት እርግዝና ይጠየቃል። ያልተማረ ሰው ብርሃኑን ወለል አድርጎ ይከፍተዋል። ሆድ ዕቃው በሙሉ ይመታል፣ ምስሉም ይደበዝዛል፣ «አልወጣም፣ ይደገም» ይባላል። ጨረሩ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። እማማ ምንም አይሰማቸውም። ስለማያም ነው የሚናቀው።

በነገራችን ላይ፣ ራጅ ከእኛ ታሪክ ጋር ቀድሞ ነው የተገናኘው። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሮንትገን በ1895 መጨረሻ ላይ አገኘው። በዓመቱ፣ በ1896፣ ጣሊያኖች ከእኛ ጋር ሲዋጉ ቆስለው የተመለሱ ወታደሮቻቸውን ኔፕልስ ላይ ራጅ አነሷቸው፣ ጥይቱ የት እንደገባ ለማየት። ራጅ ለጦር ቁስለኛ ሲውል የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገራል። ያኔ ፈቃድ የሚጠይቅ አልነበረም። የፈጠራ ሰው የኤዲሰን ረዳት የነበረው ክላረንስ ዳሊ ከራጅ ጋር ሲሠራ ኖሮ፣ እጆቹን አጥቶ፣ በ1904 በካንሰር ሞተ።

ስለዚህ በወረቀቱ ብዛት አብሬያችሁ አማርራለሁ። ለአገር ቤት ምሩቃን መንገዱ ማጠር አለበት ባይ ነኝ፣ ለምሳሌ ፈተናውን በቀጥታ የሚቀመጡበት ዕድል ቢኖር። ሕጉ ይቅር ለሚለኝ ግን መልሴ አይሆንም ነው።

ስቴት ልትቀይሩ ያሰባችሁ ባለሙያዎች፣ የአዲሱ ስቴት ፈቃድ እጃችሁ ሳይገባ የያዛችሁትን ሥራ አትልቀቁ። ታካሚ የሆናችሁ ደግሞ፣ ራጅ ክፍል ስትገቡ «ፈቃድ አለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይሉኝታ አይያዛችሁ፣ አንቀየምም። ስለ ሲቲ የላካችሁትን ለሚቀጥለው አቆይቼዋለሁ። ደህና ሁኑ።