አባዬ ዘጠኝ ሲጥል

አቦ እንዴት ናችሁ! መሀል ላይ የባጃጅ ጥሩንባ ከገባ ይቅርታ፤ በድሬ ሙቀት መስኮት ዘግቶ መቅዳት አይሞከርም።

ባለፈው ሳምንት ጣሊያን ያለችው አክስቴ፣ ጀርመን ላለችው እህቴ የቤት ኪራይ ልትልክላት ፈለገች። የሂሳብ ቁጥሩ ያለው እኔ ጋ ነው። በስልክ አነበብኩላት፣ እሷ ወረቀት ላይ ጻፈች። የጀርመን ኢባን፣ ማለትም ዓለም አቀፉ የባንክ ሂሳብ ቁጥር፣ እኮ ፊደሉም አሃዙም ተቆጥሮ 22 ነው! ትንሽ ቆይታ መልሳ ደወለች፦ «አንቺ፣ ቁጥሩ ልክ አይደለም እያለ እምቢ አለኝ።» ስናመሳክር፣ 47ን 74 ብዬ አንብቤላታለሁ።

የገረመኝ፣ ጀርመን ያለውን ባንክ ማንም ሳይጠይቅ መታወቁ ነው። ጉዱ ያለው መጀመሪያ ላይ ካሉት ሁለት የአገር ምልክት ፊደላት (ለጀርመን ዲ እና ኢ) ቀጥሎ ባሉት ሁለት አሃዞች ነው። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ወደ መጨረሻ ይዞራሉ። ፊደላቱ ቁጥር ይሆናሉ፤ ኤ 10፣ ዲ 13፣ ኢ 14 እያለ። ከዚያ ያ ረጅም ቁጥር ለ97 ይካፈላል። ቀሪው 1 ካልሆነ ብሩ ንቅንቅ አይልም።

97 ለምን? እዚህ ላይ አባዬ ትዝ አለኝ። ከፊራ ገበያ ውስጥ ሱቅ ነበረው። ከዕለት ደብተሩ ወደ ዱቤ ደብተሩ ሲገለብጥ ሁለቱንም በዘጠኝ ይፈትን ነበር፦ አሃዞቹን ይደምራል፣ ዘጠኝ በሞላ ቁጥር ይጥላል፣ የተረፈውን ያስተያያል። ከገጠመለት እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ሻዩን ያዛል። አንዴ ታዲያ 540 ብር 450 ተብሎ ተገልብጦ አለፈው። 5 እና 4 ቦታ ቢለዋወጡ ድምራቸው ያው 9 ነዋ! ጎን ለጎን ያሉ አሃዞች ሲቀያየሩ ልዩነቱ ምንጊዜም የዘጠኝ ብዜት ነው፤ ዘጠኝ ደግሞ የራሱን ልጆች አይከስም። የኔን 47 እና 74ም ያሳልፍልኝ ነበር።

97 ግን ከ1 እና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የለም። አንድ አሃዝ ሲሳት የሚመጣውን ልዩነት ከ1 እስከ 9፣ ጎረቤታሞች ሲገላበጡ የሚመጣውንም 9፣ 18፣ 27 እያላችሁ እስከ 81 ሂዱ፣ ከኋላ የፈለጋችሁትን ያህል ዜሮ ደርድሩ፤ ለ97 የሚካፈል አታገኙም። ስለዚህ አንድ አሃዝ ብትስቱ ወይ ጎረቤታሞቹን ብታገላብጡ ይይዛችኋል። የባለቤቱን ስም ግን አያውቅም፤ የሌላ ሰው ትክክለኛ ኢባን ብትሰጡት ዝም ብሎ ያሳልፋል።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ስተርክላት ከት ብላ ሳቀች። «ያ 540 እኮ የኔ ዱቤ ነበር» አለችኝ። «450ውን ከፍዬ ዝም አልኩ።»