ቅናሽ ብሎ የገባ ደንበኛ ለምን ባዶ እጁን ይወጣል?

[ምስል፦ የጫማ ሱቅ መስታወት። ቀይ ወረቀት፦ «ታላቅ ቅናሽ! እስከ 50 በመቶ»]

ድሬዳዋ ውስጥ ከከዚራ እስከ ሳቢያን ይሄን ወረቀት ያላየ የለም። አንዲት ደንበኛ አየችው እንበል። ባጃጁን አስቁማ ወረደች። ዓይኗ ያረፈበትን ጫማ አንስታ ስትጠይቅ ሻጩ «እሱ ቅናሽ የለውም» አላት። ግማሽ ዋጋ የሆነው ጥግ ላይ ያለው ነው። እሱም የቀረው 36 ቁጥር ብቻ ነው።

ልጅቷ ልትገዛ ነበር የመጣችው። ወረቀቱ ባይኖር ያነሳችውን ጫማ በሙሉ ዋጋው ትወስደው ይሆናል። አሁን ግን ተሸወድኩ ብላ ወጣች። ማታ ለጓደኞቿ የምታወራውም ይሄንኑ ነው።

[ምስል፦ ድሬዳዋ ያለው ታይዋን ገበያ፣ ሻጭና ገዢ ሲከራከሩ]

ድሬ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ታይዋን ገብቶ መጀመሪያ የተጠራለትን ዋጋ የሚከፍል ማን ነው? ሻጩ 2000 ይላል፣ ገዢው 1200 ይላል። «አቦ ተወኝ!» እየተባባሉ፣ እየተሳሳቁ 1500 ላይ ይገናኛሉ። ሰው ራሱ ያስቀነሰውን ዋጋ ይወደዋል።

አሁን ያው ሻጭ «ከ2000 ወደ 1500» ብሎ ለጠፈ። ገዢው ልማዱ ነውና «የመጨረሻውን ንገረኝ» ይላል። «ቅናሽ ነው፣ ከዚህ አይወርድም» ይባላል። 2000 የሚባለው ድሮም ለመጥሪያ ያህል እንደነበር ግን ያውቃል። ስለዚህ ጎረቤት ሱቅ ገብቶ፣ ተከራክሮ፣ በዚያው 1500 ይገዛል። ያውም ደስ ብሎት!

እኔ እንደሚመስለኝ ክርክር ያለበት ሱቅ የቅናሽ ወረቀት ባይለጥፍ ይሻለዋል። ወይ ቁርጥ ዋጋ ጽፎ ክርክሩን ያቁም፣ ወይ ወረቀቱን አንስቶ ይከራከር።

[ምስል፦ ካልኩሌተር]

ሒሳቡንም እንየው። በ800 ብር ያመጣኸውን በ1000 ትሸጣለህ እንበል። ትርፍህ 200 ነው። 10 በመቶ ስትቀንስ ከዋጋው የጎደለው 100 ብር ብቻ ነው፤ ከትርፍህ ግን ግማሹ ሄደ። የቀድሞውን ለማግኘት እጥፍ መሸጥ አለብህ። 20 በመቶ ከቀነስክ ኪራይና መብራት ሳይቆጠር ትርፍህ ዜሮ ነው።

ብዙ ነጋዴ ይሄ የሚገባው ከለጠፈ በኋላ ነው። ከዚያ ሰበቡ ይጀምራል፦ «ሁለት ከገዛህ ነው»፣ «በጥሬ ብር ከሆነ ነው»፣ «ትናንት አለቀ»።

«ዛሬ ከ7 እስከ 9 ሰዓት ብቻ» የሚሉም አሉ። በዚያ የቀትር ሙቀት፣ ከተማው ሱቁን ዘግቶ ቤቱ አረፍ ባለበት ሰዓት፣ ማን እንዲመጣ ነው? ድሬን የማያውቅ ሰው የጻፈው ይመስላል።

[ምስል፦ የአዋጁ ሽፋን]

ሕጉም ዝም አላለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ዋጋ በግልጽ ቦታ እንዲለጠፍ ወይም ዕቃው ላይ እንዲጻፍ ያዛል። ስለ ዋጋ ቅናሽ ሐሰተኛ ወይም አሳሳች ነገር መናገርን ይከለክላል። ያስተዋወቁትን አልሸጥም ማለትም አይቻልም። ዕቃው ውስን ከሆነ ማስታወቂያው ራሱ ይናገር ይላል። «ስታከራክረኝ ውለህ እንዴት አትገዛም?» ብሎ ደንበኛን ማስገደድም ክልክል ነው።

[ምስል፦ ነጭ ወረቀት፣ በእጅ የተጻፈ]

እንግዲህ እንዲህ ብትጽፈውስ? «የቁም ቬንትሌተር። 6 ብቻ ቀርቷል። 4500 የነበረው 3900። አዲስ ሞዴል ስለገባ። በቴሌብርም ይከፈላል።» የምትቀንስበትን ምክንያት ስትናገር ሰው ያምንሃል። በነጻ የሚቀንስ ነጋዴ እንደሌለ ሁሉም ያውቃላ! የድሮውን ዋጋ ስትጽፍም በእርግጥ ስትሸጥበት የነበረውን ጻፍ። ጎረቤትህ ያስታውሰዋል፣ ደንበኛህም ይጠይቀዋል።

ስድስቱ ሲያልቁ ደግሞ ወረቀቱን ያኔውኑ አንሳው። ቴሌግራም ላይ የለጠፍከውንም አትርሳ።