ፀሐይ ስታረጅ ተስፋችን ምን ይሆናል?

ጥያቄ፦ ሳይንስ ፀሐይ አንድ ቀን ምድርን ታቃጥላለች ይላል። 2ኛ ጴጥሮስ 3፥10 ደግሞ የሰማይ ፍጥረት በትኩሳት እንደሚቀልጥ ይናገራል። ሁለቱ አንድ ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም፤ ለማጋባት ባይሞከርም ይሻላል። ፀሐይ 4.6 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ሆኗታል። በእምብርቷ ያለው ሃይድሮጂን ወደ ሂሊየም በተለወጠ ቁጥር እምብርቷ እየታመቀና እየጋለ ስለሚሄድ፣ ድምቀቷ በ1 ቢሊዮን ዓመት 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ውቅያኖሶችን ለማትነን ይኸው ሳይበቃ እንደማይቀር ይገመታል። ተለጥጣ ቀይ ግዙፍ ኮከብ የምትሆነው ግን ከ5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ስለዚህ ሕይወት የሚጠፋው ብዙዎች ከሚጠብቁት “እሳት” እጅግ ቀድሞ ነው። ጴጥሮስ የሚናገረው እንደ ሌባ ድንገት ስለሚመጣ የፍርድ ቀን ነው። የፀሐይ እርጅና ድንገተኛ አይደለም፤ በማንም ላይም አይፈርድም።

ጥቅስን ከሳይንስ ግምት ጋር ማጋባት ሌላም አደጋ አለው። ዩኒቨርስ ተመልሶ ይሰበሰባል የሚለው ግምት ለረጅም ጊዜ ከአማራጮቹ አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 የሩቅ ሱፐርኖቫዎች (የሚፈነዱ ኮከቦች) ልኬት የዩኒቨርስ መስፋፋት እንዲያውም እየፈጠነ መሆኑን አሳየ። “ሰማይ እንደ መጽሐፍ ይጠቀለላል” የሚለውን ቃል (ራእይ 6፥14) በዚያ ግምት የሚተረጉም ሰው ትርጓሜው አብሮ ይናዳል።

ጥያቄ፦ ዩኒቨርስ እንዲህ እየተስፋፋ ሁሉም ቀዝቅዞ የሚያልቅ ከሆነ ተስፋው በምን ላይ ይቆማል?

መልስ፦ በትንሣኤ ላይ። ፊዚክስ የሚነግረን የተፈጥሮ ሕግ ባለበት ከቀጠለ የሚሆነውን ነው፤ የክርስትና ተስፋ ደግሞ የተፈጥሮ ዕድሜ ይረዝማል የሚል ሆኖ አያውቅም። የፊዚክስ ሊቅና የአንግሊካን ቄስ የነበሩት ጆን ፖልኪንግሆርን እንደሚሉት፣ የዩኒቨርስ ሞት ከአንድ ሰው ሞት የከበደ ጥያቄ አይደለም፤ ለሁለቱም መልሱ የፈጣሪ ታማኝነት ነው። በዮሐንስ 20፥27 የተነሣው ጌታ የችንካሩን ምልክት ያሳያል፤ አካሉ አዲስ ነው፣ ግን ያው እሱ ነው። ሮሜ 8፥21ም ፍጥረት ነፃ ይወጣል እንጂ ይጣላል አይልም። ስለዚህ “ምድር ለማንኛውም ትቃጠላለች፣ ለምን እንንከባከባት?” ማለት ስሕተት ነው። የሰው ቴክኖሎጂ ቀስ በቀስ መንግሥተ ሰማያትን ይገነባል የሚለውም እንዲሁ፤ እሱንስ ሁለተኛው የቴርሞዳይናሚክስ ሕግ (ሥራ የሚሠራ ኃይል ከጊዜ ጋር እየተበተነ ያልቃል የሚለው) ራሱ አይፈቅድለትም።

ጥያቄ፦ አፖፊስ የሚባለው አስትሮይድ (ፀሐይን የሚዞር ዐለት) እ.ኤ.አ. በ2029 ምድርን ይመታል ይባላል፤ የፍጻሜው ምልክት ነው?

መልስ፦ አይመታም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ (ኤፕሪል) 13 ቀን 2029 ከምድር ገጽ 32,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያልፋል፤ ቢያንስ ለቀጣዮቹ 100 ዓመታትም የግጭት ስጋት የለም። ቀን ቆርጦ የሚነግርዎት ሰው ካለ ማቴዎስ 24፥36ን ያንብቡለት።